የሚያድን መድኃኒት እጅና እግርን ሲያቃጥል

ባለፈው ወር ከደሴ ከተማ አንድ ደብዳቤ ለዚህ ዓምድ ደርሶታል። ጸሐፊዋ መምህርት ናቸው። እናታቸው በጡት ካንሰር፤ ይኸውም የቀድሞ ሰዎች ነቀርሳ ይሉት በነበረው ደዌ ታመው ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ፤ ሐኪም ያዘዘላቸውን ካፔሲታቢን የተባለ እንክብል ጧትና ማታ ከምግብ በኋላ ይወስዳሉ። በሁለተኛው ዙር መዳፋቸውን ጉንዳን የወረረው ያህል ይነዝራቸው ጀመር። ቆይቶም መዳፋቸውና ውስጥ እግራቸው እሳት እንደ ነካው ይለበልባቸው፤ ያብጥ፤ ይላጥ ጀመር። ዛሬ የጀበናውን እጀታ መጨበጥ፤ አክንባሎ ማንሣት፤ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን በእግር መሄድ አልተቻላቸውም። ይህ ሁሉ ሲሆን ለሐኪሙ አልነገሩም። በቀጠሮው ቀን ካልሲ አጥልቀው፤ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር ሸሽገው ይቀርባሉ። ልጃቸውም እንዳይናገሩ አስምለዋቸዋል። «ከነገርሽው መድኃኒቱን ይነሣኛል፤ መድኃኒቱን ከነሣኝ በሽታው ይመለሳል» ማለታቸውን ጸሐፊዋ ገልጠውልናል።

በዚህ መካከል በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ የሚኖረው የመምህርቷ ወንድም ቀይ ብርሃን የሚሰጥ መብራት ገዝቶ በሰው እጅ ላከ። በዚያ አገር ለፊት ቆዳ ማሳመሪያ የሚሸጥ ዕቃ ነው። እናት ግን «በእሳት ላይ እሳት!» ብለው መብራቱን ከሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። መምህርቷ ሁለት ነገር ይጠይቁናል፤ መብራቱ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? መሐላውንስ ይጠብቁ ወይስ ያፍርሱ?

ስለ መሐላው የምንለው አጭር ስለሆነ እርሱን እናስቀድማለን። ነገሩ ሳይውል ሳያድር ለሐኪሙ መነገር አለበት። የሚሻለው ግን እናት ራሳቸው እንዲናገሩ ነው፤ ይህም የሚሆነው የፈሩት ነገር እንዳሰቡት እንዳልሆነ ሲረዱ ነውና ምክንያቱን ወደ ታች እናስረዳለን። ስለ መብራቱ ያለው ነገር ሰፋ ያለ ነው፤ አንባቢዎቻችን እንዲታገሡን እንለምናለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐኪሞች ይህን ጉዳት የእጅና የእግር ሲንድሮም ብለው ይጠሩታል። ካፔሲታቢን በአፍ ከተዋጠ በኋላ በሰውነት ውስጥ ፍሎሮዩራሲል ወደሚባለው የቆየ የካንሰር መድኃኒት ይለወጣል። የፍሎሮዩራሲል ሥራ ቶሎ ቶሎ የሚራቡትን ሕዋሳት መግታት ነው። ካንሰር እንዲህ ያለ ሕዋስ ስለሆነ ይመታል፤ ነገር ግን የአፍ ውስጥ ሽፋን፣ የአንጀት ግድግዳና ቆዳም ዘወትር የሚታደሱ ስለሆኑ አብረው ይጎዳሉ። ከቆዳ ሁሉ ተለይቶ መዳፍና ውስጥ እግር የሚመታበት ምክንያት ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ባያልቅም፤ እነዚህ ቦታዎች ቀኑን ሙሉ ሲጫኑ፣ ሲፋተጉና ሲሞቁ የሚውሉ መሆናቸው አንዱ ምክንያት እንደሆነ ይታመናል። ልብስ የምታጥብ፣ ቡና የምትወቅጥ፣ በምጣድ ፊት የምትቆም ሴት እጇ ምን ያህል እንደሚደክም ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልገንም። ካፔሲታቢን ከሚወስዱት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት ይህ ሕመም በመጠኑም ቢሆን ይደርስባቸዋል። እንግዲህ የደሴዋ እናት ብቻቸውን አይደሉም።

ሕመሙ ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ይደነዝዛል፤ ይነዝራል፤ ሆኖም ሰውዬው ሥራውን ይሠራል። በሁለተኛው ያማል፤ ያብጣል፤ ዕለታዊ ሥራንም ያውካል። በሦስተኛው ቆዳው ውኃ ይቋጥራል፤ ይቆስላል፤ ሰውዬው መልበስና መራመድ እንኳ ይሳነዋል። ደብዳቤው እንደሚነግረን ከሆነ እናቲቱ ከሁለተኛው ደረጃ አልፈው ወደ ሦስተኛው እየተጠጉ ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ቆዳ አንድ ነገር እንጨምር። ብዙዎቹ የሕክምና መጻሕፍት የበሽታውን መልክ ሲገልጡ መዳፍ ይቀላል ይላሉ። ይህ በነጭ ቆዳ ላይ የሚታየው መልክ ነው። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ ቅላቱ እምብዛም አይለይም፤ ይልቁንም መዳፍና ውስጥ እግር ይጠቁራል፤ በየቦታው እንደ ቀለም ጠብታ ያለ ምልክት ይወጣበታል፤ ቆዳውም ይወፍራል። ስለዚህ ቅላት ጠብቆ ቅላት ያጣ ሰው «ምንም የለም» ብሎ እንዳይታለል፤ የጠቆረውን መዳፍም የጉበት ነው፣ የዓይነ ጥላ ነው እያለ ለጎረቤት ከማማከር ለሐኪሙ ያሳይ።

አሁን ወደ እናቲቱ ፍርሃት እንመለስ። ሐኪም ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ደረጃ ሲያይ መድኃኒቱን ለጥቂት ጊዜ ያቆማል፤ ይህ እውነት ነው። ሕመሙ ወደ መጀመሪያው ደረጃ ሲመለስ ግን እንደገና ያስጀምራል፤ እንደ አስፈላጊነቱም መጠኑን ይቀንሳል። ይህ ከሕክምናው ሥርዓት የተጻፈ ነው እንጂ ሕክምናውን መተው አይደለም። መድኃኒቱ ራሱ ዕረፍት ያለው ነው፤ ብዙውን ጊዜ 14 ቀን ተወስዶ 7 ቀን ይታረፋል። እንዲያውም ብዙ ሕሙማንን የተከታተሉ ጥናቶች እንዳመለከቱት፤ ይህ የእጅና የእግር ሕመም የደረሰባቸው ሰዎች የካንሰሩ ሕክምና ውጤት ካልደረሰባቸው ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። መድኃኒቱን በእውነት የሚያሳጣው ዝምታው ነው። ቁስሉ ተመርዞ ሆስፒታል የተኛ ሰው ለብዙ ሳምንታት እንክብሉን ሊወስድ አይችልምና። በጊዜው ተነግሮት አንድ ሳምንት ያሳረፈ ሐኪም፤ ሳይነገረው ቀርቶ ሁለት ወር ለማቆም ከሚገደድ ሐኪም ይሻላል። መምህርቷ ይህን ለእናታቸው በእርጋታ ቢያስረዱ መሐላውን ማፍረስ ላያስፈልጋቸው ይችላል።

ስለ ብርሃኑ። በብርሃን ማከም አዲስ ነገር አይደለም። ኒልስ ፊንሰን የተባለው ሐኪም በ1860 በፋሮ ደሴቶች ተወልዶ በኮፐንሃገን የተማረ ሰው ነበር። እርሱ ራሱ በሽተኛ ሆኖ ሳለ፤ ፊትን እየበላ የሚያበላሸውን የቆዳ ቲቢ በጠንካራ የኤሌክትሪክ መብራት ያክም ጀመር። በ1896 የብርሃን ሕክምና ተቋም አቋቋመ፤ በ1903 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ በዓመቱም በ43 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ። ዛሬ የቆዳ ቲቢ በመድኃኒት ስለሚድን የፊንሰን መብራት በቤተ መዘክር የሚታይ ሆኗል።

አሁን የምንናገርለት ብርሃን ከፊንሰን ብርሃን የተለየ ነው። የተገኘውም ባልታሰበ መንገድ ነው። ሌዘር የተባለው መሣሪያ በ1960 ከተሠራ በኋላ፤ በ1967 በሃንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ኤንድሬ ሜስተር የተባሉ ሐኪም ይህ አዲስ ብርሃን ካንሰር ያመጣ እንደሆነ ለመመርመር የአይጦችን ጀርባ ላጩና ደካማ ቀይ ሌዘር አበሩበት። ካንሰር አልመጣም። ብርሃን ያረፈበት ጀርባ ግን ካላረፈበት ይልቅ ፀጉሩን ቶሎ አበቀለ። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ አልድን ያለ ቁስልን በዚሁ ብርሃን ወደ ማከም ተሻገሩ። ዛሬ ይህ ሕክምና ፎቶባዮሞጁሌሽን ይባላል። ስሙ ረጅም ቢሆንም ትርጉሙ ቀላል ነው፤ በብርሃን የሕያው አካልን ሥራ ማስተካከል ማለት ነው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ብርሃን እንደ ማዕበል የሚጓዝ ሲሆን የማዕበሉ ርዝመት ቀለሙን ይወስናል። ለዚህ ሕክምና የሚያገለግለው ቀዩ ብርሃንና ከቀይ አልፎ ዓይን የማያየው የቅርብ ኢንፍራሬድ ነው፤ ቀዩ 630 ወይም 660 ናኖሜትር፤ የማይታየው 800 ናኖሜትርና ከዚያ በላይ ይሆናል። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ምድጃዎች አሉ፤ ምግብንና ኦክሲጅንን ወደ ጉልበት የሚለውጡ እነርሱ ናቸው። በምድጃዎቹ ውስጥ የሚገኝ ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የሚባል ፕሮቲን ቀዩን ብርሃን ይቀበላል፤ በዚህም የሕዋሱ ጉልበት ይጨምራል፤ እብጠትና ብግነትም ይበርዳል ተብሎ ይታሰባል። ብርሃኑ ቆዳን አያቃጥልም፤ አይቆርጥምም፤ በሕክምናው መጠን ሲሰጥ ለእጅ ሙቀቱ እንኳ አይታወቅም። እንግዲህ እናቲቱ «በእሳት ላይ እሳት» ያሉት ከማያውቁት ነገር ለመጠንቀቅ ነውና ባንነቅፋቸውም፤ ነገሩ እሳት አይደለም።

ደግሞም ፀሐይ አይደለም። «ብርሃን ከሆነ የጧት ፀሐይ አሙቂበት» የሚል መካሪ ሊነሣ ይችላል። የፀሐይ ብርሃን አልትራቫዮሌት የሚባለውን ቆዳ የሚጎዳ ጨረር ይዟል፤ ፍሎሮዩራሲልም ቆዳን በዚሁ ጨረር በቀላሉ እንዲጎዳ ያደርገዋል። ካፔሲታቢን የሚወስድ ሰው ከፀሐይ መሸሸግ እንጂ እጁን ለፀሐይ መዘርጋት የለበትም።

ታዲያ ቀዩ ብርሃን ይፈውሳልን? ምስክርነቱ ለሁሉም አንድ አይደለም። የካንሰር መድኃኒትና ጨረር በአፍ ውስጥ ለሚያስከትሉት ቁስል የተገኘው ምስክርነት ጠንካራ ነው። በ2018 የብሪታንያ ብሔራዊ የጤናና የእንክብካቤ ልቀት ተቋም ይህን ቁስል ለመከላከልና ለማከም ብርሃኑ በተለመደው የሕክምና ሥርዓት ሊሰጥ እንደሚችል ወሰነ። በ2020 የወጣው የዓለም አቀፍ የካንሰር ድጋፍ ሕክምና ማኅበር መመሪያም መቅኒ ለሚተከልላቸውና አንገትና ራሳቸው ላይ ጨረር ለሚሰጣቸው ሕሙማን መከላከያ እንዲሆን መክሯል። ምግብ መዋጥ ላቃተው በሽተኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለእጅና ለእግሩ ሕመም ግን ሙከራዎቹ በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ ናቸው። በእነርሱ ሕመሙ የቀለለላቸው ሕሙማን መኖራቸው ተስፋ ይሰጣል፤ ነገር ግን እንደ አፍ ቁስሉ በሰፊ ጥናት ተፈትኖ የጸና አይደለም። ቀደም ሲል የጠቀስነውን የ7 ቀን ዕረፍትም አንባቢ ያስታውስ፤ በዕረፍቱ ሳምንት ሕመሙ በራሱ ስለሚበርድ፤ በዚያው ሳምንት መብራት ያበራ ሰው መብራቱን ቢያመሰግን አይፈረድበትም። ጥናት የሚያስፈልገው ይህን ለመለየት ነው።

ከቨርጂኒያ የመጣውን መብራት በሚመለከት ፍርዳችን ይህ ነው፤ አይጣል፤ ሐኪሙ ሳያየው ግን አይብራ። ሐኪም ቤት የሚሰጠው ብርሃን እንደ ማንኛውም መድኃኒት መጠን አለው፤ የማዕበሉ ርዝመት፣ ኃይሉ፣ የሚበራበት ደቂቃ ሁሉ ይለካል። የዚህ ብርሃን ጠባይ ደግሞ እንደ ወጥ ጨው ነው፤ ሲያንስ አይታወቅም፤ ሲበዛ ጥቅሙን ያጠፋል። ለፊት ማሳመሪያ የተሠራ መብራት ለቆሰለ መዳፍ የሚበቃ ወይም የሚበዛ መሆኑ በማስታወቂያው አይታወቅም። ጥቁር ቆዳ ከነጭ ቆዳ ይልቅ ብርሃንን ስለሚውጥ ኃይለኛ መብራት ቶሎ ሊያሞቀው ይችላል፤ መዳፍና ውስጥ እግር ከሌላው ቆዳችን የነጡ ቢሆኑም በሕመሙ ከጠቆሩ በኋላ ይህ ሊዘነጋ አይገባም። ብርሃኑን በዓይን ማየት አይገባም፤ መከላከያ መነጽር ያስፈልጋል። ካንሰሩ በነበረበት በደረት ላይም ያለ ሐኪም ፈቃድ ፈጽሞ አይበራም። ልጅ ከባሕር ማዶ ሆኖ ለእናቱ የሚችለውን ማድረጉ የሚያስመሰግነው ነው፤ በመብራቱ ዋጋ ጥቂት ጥሩ ቅባትና ሰፊ ነጠላ ጫማ ቢልክ ግን የበለጠ በጠቀማት ነበር።

ቅባት ካልን፤ ስለ እርሱ ያለው ማስረጃ ከመብራቱ ይሻላል። በጀርመን ተደርጎ በ2015 በታተመ ጥናት 10 በመቶ ዩሪያ ያለበት ቅባት ለዚሁ ሕመም ተብሎ ከተሠራ ሌላ ቅባት በልጦ ተገኝቷል። ዩሪያ ሲባል ገበሬው ዘመዳችን ማዳበሪያውን ማስታወሱ አይቀርም፤ ንጥረ ነገሩ አንድ ቢሆንም ከፋርማሲ የሚገዛው ቅባት ሌላ ነው፤ የማዳበሪያ ከረጢት ፈትቶ በቅቤ የሚለውስ ሰው እንዳይኖር አደራ እንላለን። በ2024 ደግሞ ከሕንድ አገር የተሰማው ዜና ደስ የሚያሰኝ ነው። በኒው ዴልሂ 264 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ዳይክሎፌናክ የተባለውን ለወገብና ለጉልበት ሕመም የሚቀባ ጄል ከመጀመሪያው አንሥቶ በቀን ሁለት ጊዜ መዳፋቸውን ከተቀቡት መካከል ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ የደረሰው ሕመም 3.8 በመቶ ብቻ ሲሆን፤ መድኃኒት የሌለበትን ጄል ከተቀቡት ግን 15 በመቶ ሆነ። ጄሉ ርካሽ ነው። ሆኖም ጥናቱ መከላከልን የሚመለከት ስለሆነ በተላጠና በቆሰለ እጅ ላይ ከመቀባት በፊት ሐኪም ይጠየቅ። በአንጻሩ ለብዙ ጊዜ ይታዘዝ የነበረው ቫይታሚን ቢ6 በኮርያ ተደርጎ በ2010 በታተመ ጥናት ሕመሙን ሲከላከል አልተገኘም።

አንዳንድ እኅቶች እንሶስላ ይሻላል ይላሉ። በቱርክ በ2008 የታተመ አንድ ጽሑፍ 10 ሕሙማን ሂና ተቀብተው እንደ ተሻላቸው ይናገራል። ዐሥር ሰው ጥቂት ነው፤ ሂናም እንሶስላ አይደለም፤ አንዱ ቅጠል፤ ሌላው ሥር ነው። በደኅና ቆዳ ላይ ለጌጥ የሚቀባውን በተላጠ ቆዳ ላይ መሞከሩን አንመክርም። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ግን ጨርሶ አይነካው፤ እነዚህ ጤነኛ ቆዳ እንኳ ይለበልባሉ።

በቤት የሚደረገው ቀላል ነው። እጅ በፈላ ውኃ አይታጠብ፤ ለብ ባለ ይሁን። ምጣድና ልብስ አጠባ ለጥቂት ሳምንታት ለሌላ ሰው ይተው፤ ይህን ለማድረግ የወንዶች ልጆች እጅም ይዘረጋ። ጫማ ሰፊ፤ ካልሲ ከጥጥ የተሠራ ይሁን። ሲለበልብ ቀዝቃዛ ውኃ የነከረ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ ይደረግበት፤ ደርቆ ሳይሰነጠቅ ቫዝሊን ወይም የታዘዘው ቅባት ይቀባ።

አንድ የማይታሰብ ነገርም አለ። ይህ ሕመም ሲቆይ የጣት አሻራን ያጠፋል። በታኅሣሥ 2008 አንድ የ62 ዓመት የሲንጋፖር ሰው ዘመዶቹን ለመጠየቅ አሜሪካ ሲገባ አሻራው አልነበብ ብሎ አራት ሰዓት ተይዞ ቆየ። ሰውዬው ከሦስት ዓመት በላይ ካፔሲታቢን ይወስድ ኖሯል፤ ታሪኩም በ2009 በካንሰር ሐኪሞች መጽሔት ታትሟል። ዛሬ በአገራችን ለፋይዳ መታወቂያ የጣት አሻራ ስለሚሰጥ፤ ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አሻራው ያልተነበበበትን ምክንያት የሚገልጥ የሐኪም ወረቀት ቢይዝ ከብዙ ምልልስ ይድናል።

ከመዝጋታችን በፊት ልዩነቱን ማወቅ የግድ የሆነ ነገር አለ። ከመድኃኒት የሚመጣ የቆዳ ሕመም ሁሉ የእጅና የእግር ሲንድሮም አይደለም። ለሚጥል በሽታ፣ ለሪህ ወይም ለሌላ ሕመም መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ትኩሳት የመጣበት፤ ከንፈሩ፣ አፉ፣ ዓይኑ ወይም ብልቱ የቆሰለ፤ የገላው ቆዳ እየተገሸለጠ የሚነሣ ሰው ቀጠሮ አይጠብቅ፤ መድኃኒቱን ይዞ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ። ይህ ነፍስን የሚያሳጣ ነው፤ መብራትም ቅባትም አይመልሰውም። ካፔሲታቢን በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ተቅማጥና የአፍ ቁስል የያዘው ሰውም እንዲሁ ያድርግ፤ አንዳንድ ሰዎች መድኃኒቱን የሚያስወግደው ኤንዛይም በተፈጥሮ ስለሚጎድላቸው እንደ መርዝ ይሆንባቸዋልና።

የደሴዋ መምህርት ሆይ፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ ሩቅ ከሆነ ቀኑን አይጠብቁ። መብራቱን ከነመመሪያው ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ የማዕበሉን ርዝመትና ኃይሉን ከወረቀቱ ያነባል። እናትዎም ከሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ካልሲያቸውን አውልቀው፤ ነጠላቸውን ገልጠው፤ ውስጥ እግራቸውንና መዳፋቸውን ያሳዩ።